የመርከብ መለያ ሥርዓት የደኅንነት ድክመቶች

አውቶማቲክ የመርከብ መለያ ሥርዓት፣ በአጭር ስሙ ኤአይኤስ፣ መርከቦች ማንነታቸውን፣ ያሉበትን ቦታ፣ ፍጥነታቸውንና አቅጣጫቸውን በየጥቂት ሰከንዱ በሬዲዮ እየተናገሩ እርስ በርስ እንዳይጋጩ የሚረዳቸው የመገናኛ ዘዴ ነው። ሥርዓቱ አንድን መልእክት በእርግጥ ማን እንደላከው የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም። መርከቧ ያለችበትን ቦታም በራሱ አያውቅም፤ ከጂፒኤስ ወይም ከመሰል የሳተላይት ሥርዓት የተቀበለውን መልሶ ያስተላልፋል። በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች የሌለች መርከብ በካርታ ላይ እንድትታይ፣ ያለችው እንድትሰወር፣ ባሕር ላይ የምትጓዘው ደግሞ አየር ማረፊያ ውስጥ የቆመች እንድትመስል ማድረግ ተችሏል።

አሠራር

ኤአይኤስ ከመሠረቱ የተሠራው ለመተያየት ነው። በጉም ወይም በሌሊት ራዳር የሚያሳየው አንዲት ነጥብ ብቻ ነው፤ ነጥቧ ማን እንደሆነችና ወዴት እንደምትሄድ አይናገርም። ኤአይኤስ ለዚያች ነጥብ ስም ሰጣት። ተረኛው መኮንን «በስተቀኜ ያለሽው መርከብ» እያለ በሬዲዮ በደፈናው ከመጣራት ድኖ በስሟ ጠርቶ ሊያነጋግራት ቻለ።

ሥርዓቱ በቪኤችኤፍ የሬዲዮ ሞገድ የሚሠራ ሲሆን 161.975 እና 162.025 ሜጋኸርዝ ላይ ያሉ ሁለት ቻናሎች ተመድበውለታል። በእያንዳንዱ ቻናል አንድ ደቂቃ በ2250 የጊዜ ክፍሎች ይከፈላል፤ አንዱ ክፍል ከ27 ሚሊሰከንድ ያነሰ ነው። ተራ የሚያስይዝ ማዕከል የለም። እያንዳንዷ መርከብ የሌሎቹን መልእክት እየሰማች ባዶ ክፍል ትመርጣለች፤ ቀጥሎ በየትኛው ክፍል እንደምትናገርም አስቀድማ ታሳውቃለች። ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በሳተላይት ነው። ራሱን በራሱ የሚያደራጀው ይህ የተራ አያያዝ ከስዊድናዊው ፈልሳፊ ሆካን ላንስ ሥራ ጋር ይያያዛል።

በጉዞ ላይ ያለች ትልቅ መርከብ እንደ ፍጥነቷ በየ2 እስከ 10 ሰከንድ፣ መልሕቅ ስትጥል ደግሞ በየ3 ደቂቃው ቦታዋን ትናገራለች። ስሟን፣ ዓይነቷንና መድረሻዋን በየ6 ደቂቃው ትልካለች። በእያንዳንዱ መልእክት ላይ ባለ 9 አኃዝ መለያ ቁጥር አለ። የቁጥሩ የመጀመሪያ ሦስት አኃዞች መርከቧ የየትኛውን አገር ሰንደቅ ዓላማ እንደምታውለበልብ ያሳያሉ፤ የኢትዮጵያ 624፣ የጅቡቲ 621 ነው።

ከመርከብ ወደ መርከብ መልእክቱ እንደ አንቴናው ከፍታ እስከ 20 የባሕር ማይል ገደማ ይደርሳል። ዓለም አቀፉ የባሕር ላይ ሕይወት ደኅንነት ስምምነት፣ ጠቅላላ ቶኔጃቸው 300 እና ከዚያ በላይ ሆኖ ከአገር ወደ አገር የሚጓዙ መርከቦችና መጠናቸው ምንም ይሁን ምን የመንገደኛ መርከቦች ኤአይኤስ እንዲኖራቸው ያስገድዳል። ግዴታው እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ሆነ። የጦር መርከቦች ግዴታው አይመለከታቸውም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ሥርዓቱን የነደፉት ሰዎች ካሰቡት ውጭ ነው። የባሕር ዳርቻ ጣቢያዎችና ሳተላይቶች መልእክቶቹን እየሰበሰቡ ለድረ ገጾች ማቀበል ጀመሩ። ዛሬ ማንም ሰው ማሪን ትራፊክን በመሰለ ገጽ ላይ መርከቦች የት እንደደረሱ ማየት ይችላል። መንግሥታት ማዕቀብን የጣሰችውን መርከብ፣ የዓሣ ሀብት ተቆጣጣሪዎች በተከለከለ ቦታ የሚያጠምደውን፣ መድን ሰጪዎች ደግሞ አደገኛ ቀጠና የገባችውን በዚሁ መረጃ ይከታተላሉ። ለጎረቤት መርከብ እውነቱን መናገር ለራስም የሚጠቅም ስለሆነ በመተማመን የተሠራው ሥርዓት፣ መዋሸት የሚያዋጣቸው ሰዎች ያሉበት የማስረጃ ምንጭ ሆነ።

የድክመቱ መነሻ

የኤአይኤስ መልእክት ያልተመሰጠረ ነው፤ ዲጂታል ፊርማም የለውም። አጻጻፉ በይፋ በታተመ የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት መስፈርት ውስጥ ተዘርዝሯል። ስለዚህ የሚያስፈልገው ቪኤችኤፍ ማሠራጫ ብቻ ሲሆን፣ በሶፍትዌር የሚታዘዙ ሬዲዮዎች ከመጡ ወዲህ ይህ ውድ ዕቃ መሆኑ ቀርቷል።

በመልእክቱ መጨረሻ ላይ ሲአርሲ የሚባል ባለ 16 ቢት መቆጣጠሪያ አለ። ይህ ግን የሚያጠራው በመንገድ ላይ በሬዲዮ ሁካታ የተበላሸውን መልእክት ነው። ውሸታሙም መቆጣጠሪያውን በትክክል አስልቶ መላክ ስለሚችል ውሸትን አይለይም። የኮምፒውተር ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያምታቱት ልዩነት እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፦ ስሕተትን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ ላኪን ማወቅ ሌላ።

የመርከቧ አካል እስካለ ድረስ የማይለወጠው ባለ 7 አኃዝ የዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ቁጥርም እንደዚሁ ነው። ለምሳሌ 9074729 የሚለውን ቁጥር ለመፈተሽ የመጀመሪያዎቹ ስድስት አኃዞች በቅደም ተከተል በ7፣ 6፣ 5፣ 4፣ 3 እና 2 ይባዛሉ። ውጤቶቹ 63፣ 0፣ 35፣ 16፣ 21 እና 4 ሲደመሩ 139 ይሆናሉ፤ የድምሩ የመጨረሻ አኃዝ 9 ከቁጥሩ ሰባተኛ አኃዝ ጋር ይገጥማል። ይህ ዘዴ አኃዝ ያሳሳተን ጸሐፊ ይይዛል። የሌላ መርከብ ቁጥር አውቆ የወሰደን ሰው ግን አይነካውም፤ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠው የፈረሱ መርከቦች ቁጥር በማዕቀብ ስር ባሉ ነዳጅ ጫኞች ላይ «ተነሥቶ» የተገኘበት ጊዜ አለ።

ከዚህም ሌላ አንዳንዱን መረጃ በእጁ የሚጽፈው የመርከቧ ሠራተኛ ነው። የመድረሻ ቦታ የሚሞላበት መስመር 20 ፊደል ብቻ የሚይዝ ሲሆን የተጻፈበትን ሁሉ ይቀበላል። እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የየመን ሁቲዎች በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ መርከቦችን ሲያጠቁ፣ በባብ ኤል መንደብ የሚያልፉ አንዳንድ መርከቦች በወደብ ስም ፈንታ ሠራተኞቻቸው በሙሉ ቻይናውያን መሆናቸውን፣ ከእስራኤል ጋር ግንኙነት እንደሌላቸው ወይም የታጠቁ ጠባቂዎች መጫናቸውን ጽፈው ይጓዙ ነበር። ለግጭት መከላከያ የተሠራ መስመር የምልጃ መጻፊያ ሆነ ማለት ነው።

የሐሰት መልእክቶች

እ.ኤ.አ. በ2013 የትሬንድ ማይክሮ ኩባንያ ተመራማሪዎች በኤአይኤስ ላይ ምን ምን ማድረግ እንደሚቻል በሙከራ አሳዩ፤ ዝርዝር ጥናታቸው በ2014 ታተመ። የሌለች መርከብ መፍጠር ቀላሉ ነበር። ከዚያ የሚከፋው የማዳኛ መሣሪያ ምልክትን አስመስሎ «ሰው ባሕር ውስጥ ወድቋል» የሚል ጥሪ መላክ ነው። በባሕር ሕግ ካፒቴን በአደጋ ላይ ያለን ሰው የመርዳት ግዴታ ስላለበት፣ እንዲህ ያለው ጥሪ መርከብን ከመንገዷ ሊያስወጣት ይችላል። የሐሰት የግጭት ማስጠንቀቂያ ማስነሣት፣ የባሕር ምልክትና የመብራት ማማ በሌለበት ቦታ ማሳየት፣ ወይም የጊዜ ክፍሎቹን ሁሉ አስቀድሞ በመያዝ ሌሎቹን ዝም ማሰኘትም እንደሚቻል ጥናቱ አሳይቷል።

የመጨረሻው በተለይ ትኩረት ይስባል። ተራ የሚያስይዝ ማዕከል አለመኖሩ መርከቦች በየትኛውም ውቅያኖስ መካከል ያለ ማንም እርዳታ እንዲግባቡ ያስቻለ ብልኃት ነው። «ይህ ክፍል ተይዟል» የሚለውን ሐሰተኛ የሚከለክል አካል እንዳይኖር ያደረገውም ያው ብልኃት ነው።

ከሁሉ ይልቅ አሳሳቢ የሆነው አጋጣሚ የጦር መርከቦችን ይመለከታል። እ.ኤ.አ. ጁን 2021 የእንግሊዟ ዲፌንደርና የኔዘርላንድሷ ኤቨርትሰን ኦዴሳ ወደብ ቆመው ሳለ፣ የኤአይኤስ መረጃ ሌሊት ከወደብ ወጥተው በሩሲያ ቁጥጥር ስር ወዳለችው ሴቫስቶፖል ደጃፍ እንደተጓዙ አሳየ። በዚያው ሌሊት በቀጥታ ይተላለፍ የነበረው የኦዴሳ ወደብ ካሜራ ግን ሁለቱንም ከቦታቸው ሳይነቃነቁ ያሳይ ነበር። ተመራማሪው ቢዮርን በርግማን ከዚያ ጋር የሚመሳሰሉ አሻራዎችን ፈልጎ፣ ከ2020 ወዲህ ወደ 100 የሚጠጉ የጦር መርከቦች ፈጽሞ ያልሄዱበት ጉዞ እንደተፈጠረላቸው አገኘ። ይህን ማን እንዳደረገው በይፋ አልተረጋገጠም። ካሜራው ባይኖር ኖሮ ግን በካርታው ላይ ያለው መሥመር እንደ ጠብ አጫሪነት ማስረጃ ሊቀርብ ይችል ነበር።

የጂፒኤስ ማፈንና ማታለል

የኤአይኤስ መሣሪያ እውነተኛ፣ ሠራተኞቹም ሐቀኞች ቢሆኑ እንኳ ቦታውን የሚነግራቸው ጂፒኤስ ከተሳሳተ መርከቧ ሳታውቅ ትዋሻለች። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው ስለሚዞሩ ምልክታቸው ምድር ሲደርስ እጅግ ደካማ ነው። ስለዚህ በአቅራቢያ ያለ ትንሽ ማሠራጫ ሊውጠው ይችላል። የሳተላይት ቴሌቪዥን ሥርጭት ሲታፈን ያየ ሰው ማፈን ምን እንደሆነ ያውቃል፦ ሥዕሉ ይጠፋል፣ ተመልካቹም መጥፋቱን ያውቃል። ማታለል ግን ከዚህ ይለያል። ሐሰተኛው ምልክት እውነተኛውን መስሎ ስለሚመጣ ሥዕሉ አይጠፋም፤ ቀስ ብሎ ሌላ ሥዕል ይሆናል።

ይህንን በግልጽ ያሳየው እ.ኤ.አ. ጁን 2013 በሜዲትራኒያን ባሕር የተደረገ ሙከራ ነው። በቶድ ሃምፍሪስ የሚመራ የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ኦስቲን ቡድን፣ በባለቤቷ ፈቃድ 65 ሜትር ርዝመት ባላት ኋይት ሮዝ ኦቭ ድራክስ በተባለች የመዝናኛ መርከብ ላይ ሐሰተኛ የጂፒኤስ ምልክት አሠራጨ። ምልክቱ መጀመሪያ ከእውነተኛው ጋር አንድ ሆኖ ጀመረና ቀስ በቀስ በረታ። መሣሪያው መርከቧ ከመሥመሯ እንደወጣች ሲያሳይ ሠራተኞቹ ለማስተካከል አቅጣጫ ቀየሩ፤ በተግባር ግን ከትክክለኛው መንገድ የወጡት ያን ጊዜ ነው። በካርታው ላይ መርከቧ ቀጥ ብላ ስትሄድ ትታይ ነበር። አንድም ማስጠንቀቂያ አልጮኸም።

እ.ኤ.አ. ጁን 2017 በጥቁር ባሕር ኖቮሮሲይስክ አካባቢ ከ20 በላይ መርከቦች የብስ ላይ፣ ጌሌንድዚክ አየር ማረፊያ ያሉ መስለው ታዩ። ሲ4ኤዲኤስ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት በ2019 ባወጣው ዘገባ፣ ከፌብሩዋሪ 2016 ጀምሮ በሩሲያ፣ በክሪሚያና በሶሪያ አካባቢ 9,883 የሚጠረጠሩ የማታለል አጋጣሚዎችን ቆጥሮ 1,311 የሲቪል መርከቦች እንደተነኩ ገልጿል።

የሻንጋይ ሁኔታ ደግሞ ከዚህ የተለየ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 2019 ወደ ወደቡ ትቃረብ የነበረችው ማኑካይ የተባለች የአሜሪካ ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ ካፒቴን፣ በማሳያው ላይ ሌላ መርከብ አንዴ በመተላለፊያው ስትሄድ፣ አንዴ ስትጠፋ፣ አንዴ ወደብ ላይ ቆማ ስትታይ ተመለከተ። ግራ ተጋብቶ በርቀት ማያ መነጽር ሲያይ መርከቧ ከወደቡ አልተነሣችም። በኋላ መረጃው ሲጠና የብዙ መርከቦች ቦታ በአንድ ነጥብ ዙሪያ ክብ ሠርቶ ተገኘ። የብስክሌት ነጂዎች የስፖርት መተግበሪያ መረጃም በዚያው አካባቢ ተመሳሳይ ክብ አሳየ፤ የተታለለው ኤአይኤስ ብቻ ሳይሆን ጂፒኤስ ራሱ እንደነበር የታወቀውም በዚህ ነው።

በዘመናዊ መርከብ ላይ የጂፒኤስ ስሕተት በአንድ ማሳያ ላይ አይቀርም። የኤሌክትሮኒክስ የባሕር ካርታው፣ ኤአይኤሱ፣ የአደጋ ጥሪ መሣሪያውና የመርከቧ ሰዓት ሁሉም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። መኮንኑ አንዱን በሌላው ሲያመሳክር ሁሉም ይስማማሉ፤ የሚስማሙት ግን አንዱን ምንጭ ስለሚደግሙ ነው።

ሆን ብሎ ማጥፋት

መሣሪያውን ማጥፋት ከሁሉም ቀላሉ ዘዴ ነው። ማዕቀብ የተጣለበትን ነዳጅ የሚያመላልሱና በሕገወጥ መንገድ የሚያጠምዱ መርከቦች ይህን ያዘወትራሉ። ይሁን እንጂ የጠፋ ሁሉ ወንጀለኛ አይደለም። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2015 ያወጣው መመሪያ ኤአይኤስ ሁልጊዜ እንዲበራ ቢያዝም፣ ካፒቴኑ ማስተላለፉ የመርከቧን ደኅንነት አደጋ ላይ ይጥላል ብሎ ካመነ እንዲያጠፋው ይፈቅድለታል። በባሕር ወንበዴዎች ቀጠናና በሁቲዎች ጥቃት ወቅት በቀይ ባሕር ያለፉ ብዙ መርከቦች በዚህ ተጠቅመዋል።

መሰወርም ዋጋ አለው። እ.ኤ.አ. ጁን 17 ቀን 2017 የአሜሪካ የጦር መርከብ ፊትዝጀራልድ በጃፓን አቅራቢያ ከአንዲት ኮንቴይነር ጫኝ ጋር ተጋጭታ 7 መርከበኞች ሞቱ። የምርመራው ዋና ጥፋት ያረፈው በሠራተኞቹ ላይ ቢሆንም፣ የጦር መርከቧ ኤአይኤስ እያስተላለፈች አልነበረም። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ባሕር ኃይል መርከቦቹ ትራፊክ በበዛበት ቦታ ኤአይኤስ እንዲያስተላልፉ አዘዘ።

ቀይ ባሕርና አካባቢው

ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም ሰንደቅ ዓላማዋን የሚያውለበልቡ መርከቦች አሏት፤ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የውጭ ንግዷም በጅቡቲ ያልፋል። ስለዚህ በባብ ኤል መንደብ ዙሪያ የሚደርስ የጂፒኤስ መታወክ ለአገሪቱ የሩቅ ወሬ አይደለም። በአገር ውስጥ ሠልጥነው በውጭ መርከቦች ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን መርከበኞችም በእነዚህ ውኃዎች ያልፋሉ።

እ.ኤ.አ. ሜይ 10 ቀን 2025 ኤምኤስሲ አንቶኒያ የተባለች ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ በጂዳ አቅራቢያ ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ተቀረቀረች። ከዚያ በፊት የኤአይኤስ አሻራዋ የማይቻል ዝላይ ያሳይ ስለነበር፣ የመርከብ መረጃ ተንታኞች ምክንያቱ የጂፒኤስ መታወክ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። በቀጣዩ ወር፣ እስራኤልና ኢራን ሲዋጉ፣ በሆርሙዝ ባሕረ ወሽመጥ አካባቢ የብዙ መርከቦች ቦታ ተዘበራረቀ። ጁን 17 ቀን ፍሮንት ኢግልና አዳሊን የተባሉ ሁለት ነዳጅ ጫኞች በኦማን ባሕረ ሰላጤ ተጋጭተው እሳት ተነሣ፤ የአዳሊን 24 ሠራተኞች በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የባሕር ጠባቂዎች ዳኑ። ፍሮንት ኢግል ከግጭቱ ሁለት ቀን በፊት ኢራን ውስጥ የብስ ላይ ያለች መስላ ታይታ ነበር። የኤምሬቶች ባለሥልጣናት ግን አደጋውን በመጀመሪያ መረጃ የአነዳድ ስሕተት ብለውታል። ሁለቱ አባባሎች የግድ አይጣሉም፤ ማሳያዎች ሲዋሹ ለሰው ስሕተት የሚቀረው ትርፍ ቦታ ይጠባል።

የመፍትሔ ሙከራዎች

«ለምን አይመሰጠርም?» የሚለው ጥያቄ ቶሎ ይመጣል። ምስጠራ ግን ለዚህ ሥርዓት አይስማማም፦ ከየትኛውም አገር የመጣች ትንሽ ጀልባ ከፊቷ ያለውን ግዙፍ መርከብ መስማት አለባት። የሚስማማው መልእክቱን ክፍት ትቶ ዲጂታል ፊርማ ማከል ነው። እዚህ ላይ ቦታ ያጥራል። አንዱ የጊዜ ክፍል የሚይዘው 256 ቢት ሲሆን፣ ማመሳሰያውና መቆጣጠሪያው ተቀንሶ ለቦታ መልእክቱ የሚቀረው 168 ቢት ነው። በዛሬው ጊዜ የተለመደ የኤሊፕቲክ ከርቭ ፊርማ ብቻውን 512 ቢት ያህል ይሆናል። እያንዳንዱ መልእክት ፊርማ ይኑረው ቢባል በተጨናነቀ ወደብ አካባቢ ክፍሎቹ አይበቁም። ቁልፎቹን ለዓለም መርከቦች ሁሉ ማን ይሰጣል፣ የተሰረቀውንስ ማን ይሰርዛል የሚለው ጥያቄ ደግሞ ከሒሳቡ ይልቅ የፖለቲካ ጉዳይ ነው።

ቪዴስ የተባለው አዲሱ የቪኤችኤፍ መረጃ መለዋወጫ ሥርዓት ከኤአይኤስ ሰፋ ያለ ቻናል ስላለው ፊርማ ለመያዝ ይመቻል። አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ግን ለብዙ ዓመታት ከአዲሱ ጎን መሥራታቸው አይቀርም፤ ያልተፈረመ መልእክት ተቀባይነት እስካለው ድረስ ሐሰተኛው ፊርማ አይጠየቅም።

በሳተላይት በኩል የተሻለ እርምጃ ታይቷል። የአውሮፓው ጋሊሌዮ ምልክቱ ከእርሱ መምጣቱን ተቀባዩ እንዲያረጋግጥ የሚያስችለውን አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2025 በይፋ ጀምሯል። ይህ ማታለልን ያከብዳል፤ ማፈንን ግን አያስቀርም። በሰሜን ኮሪያ የጂፒኤስ አፈና ምክንያት በ2016 ወደ 280 ያህል መርከቦቿ ወደ ወደብ የተመለሱባት ደቡብ ኮሪያ፣ ከምድር በኃይለኛ ሞገድ የሚሠራውን ኢሎራንን እንደ አማራጭ ይዛለች። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚም ትቶት የነበረውን በከዋክብት የመምራት ትምህርት በ2015 መልሶ ጀምሯል።

ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በበኩሉ በ2017 ባሳለፈው ውሳኔ፣ የመርከብ ኩባንያዎች ከ2021 ጀምሮ የሳይበር አደጋን በደኅንነት አያያዝ ሥርዓታቸው ውስጥ እንዲያካትቱ ጠይቋል። ውሳኔው አያያዝን እንጂ የኤአይኤስን መልእክት አይለውጥም። እስከዚያው በመርከቧ መምሪያ ክፍል ያለው መከላከያ የቆየው ነው። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ የሚመለሰውን ስለሚያነብ የሌላውን ቃል አይጠብቅም። በኤአይኤስ ላይ ያለች፣ በራዳር ላይ የሌለች መርከብ ካለች መኮንኑ በመስኮት ያያል። የውኃውን ጥልቀት በካርታው ላይ ካለው ጋር ያስተያያል፤ ከታወቀ ተራራ ወይም የመብራት ማማ ላይ በኮምፓስ አቅጣጫ ይወስዳል። በሻንጋይ የማኑካይ ካፒቴን ያደረገው ይህንኑ ነበር።